ያየሁትና የጨመርሁበት

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1፡30

በሩን ቆለፍሁ። ከአጥሩ ተመልሼ ገፋ አድርጌ አየሁት። ተቆልፏል። ጎረቤታችን አያ ታከለ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ምነው ማለዳ ተነሣህ አሉኝ። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ነው የምወጣው። እሳቸውም በየቀኑ እዚያች ድንጋይ ላይ ናቸው። ታዲያ ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? ሐኪም ዘንድ መሄዴን ሊያረጋግጡ ነው። ማታ ወደ ኮሶዬ፣ ወደ አማቼ ቤት ይደውላሉ።

አንቺንም ቦታ ቀይሬሻለሁ፣ ደብተሬ። ከልብስ ሣጥኑ ወጥተሽ ከአሮጌ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ገብተሻል። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ቢሆንም።

ባለቤቴ የሺ ልጃችንን ቤዛን ይዛ ኮሶዬ አባቷ ቤት ከገባች ሰነበተች። ለጠየቀኝ ሁሉ ለመከር ልታግዝ ነው እላለሁ። ሁሉም እሺ ይላል። ማንም አያምነኝም።

የሽማግሌዎቹ ቃል፦ አስናቀ መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ይታይ፣ ከዚያ ስለ መመለሷ እንነጋገራለን። ሐሳቡን ያመጡት አማቼ ቄስ ሞገስ ናቸው አሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ቄስ ሆነው ጠበል ሂድ አላሉኝም። ጠበል ቢሉኝ በገባኝ። ጠበል ወረቀት አይጽፍም። ሐኪም ይጽፋል። ወረቀት ደግሞ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ልጅም ያስወስዳል።

እሄዳለሁ። አልሄደም እንዳይሉኝ።

ያው ቀን። 12 ሰዓት

ሄድሁ። ዶ/ር ሰብለ ትባላለች። ወጣት ናት፤ እንዲህ ወጣት ትሆናለች ብዬ አልጠበቅሁም። የእንግዳው ወንበር ጀርባው ለበሩ ነው። አዙሬው ተቀመጥሁ። እሷ ጻፈች። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ጎንደር አራዳ ባለው መድኃኒት ቤታችን የሐኪም እጅ ጽሑፍ ማንበብ እንጀራዬ ነው። ከፊት ለፊት ተገልብጦ ቢታየኝም «ወንበር» የምትለዋን ለየኋት። ወንበሩን ጽፋብኛለች።

አነጋገሯ የደባርቅ ነው። የደባርቅ መንገድ ደግሞ በኮሶዬ ያልፋል። ባለቤቴን፣ አባቷንም ሆነ ወንድሟን ደሴን እንደማታውቅ ይማሉልኝ አልኋት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«አላውቃቸውም። ግን አልምልልዎትም» አለች። «ብምል ያምኑኛል?»

አላምናትም ነበር። ግን የማይምል ሰው የበለጠ ያጠራጥራል።

የሺ ለምን እንደሄደች ጠየቀችኝ። እንዳለ ነገርኋት። የሺ ከማድ ቤቱ ኋላ ቆማ በዝግታ ስልክ ታወራለች። ማን ነው ስላት የማኅበር ጓደኛዬ ናት፣ ችግር ገጥሟት ነው ትላለች። ማርያምን በይ አልኋት። አለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቁሜ እዚህ ማይልኝ አልኋት። ሰው እያያት ማለች። ቤት ገብተን ምሳ እየበላን አላስችል አለኝና «ቤዛ ትሙት» በይና ልመን አልኋት። እምቢ አለች። ይኸው፣ እዚህ ላይ ያዝኋት! እውነት ከሆነ ምን አስፈራት? እሷ ግን እጇን ታጥባ ልብስ መሰብሰብ ጀመረች።

ዶ/ር ሰብለ ቤዛ የት ነበረች ብላ ጠየቀች። ማዕዱ ላይ አልኋት። ይህንንም ጻፈችው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ስም አወጣችልኝ። የስብዕና መታወክ፣ ጥርጣሬ የሚያይልበት ዓይነት። ስብዕና! የታወከ ሆድ አውቃለሁ። ሰው እንዴት ከነማንነቱ ይታወካል?

እብደት አይደለም አለች። ነው ያላት አለ? ሰው ሲያድግ ሌላውን የሚያይበት መንገድ አብሮት ይጸናል አለች፤ የአንዳንዱ መንገድ በጣም ይጠብና ሌላ ማየት ያቅተዋል። ጠርጣራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ አይመጣም፣ ጥፋቱ የሌሎች ይመስለዋልና። እርስዎ ግን መጥተዋል አለች። ተገድጄ ነው አልኋት። አውቃለሁ አለች። ከየት አወቀች?

መድኃኒቱስ አልሁ። ለዚህ ብሎ የሚታዘዝ ኪኒን የለም፤ ጭንቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት ቢኖር ለዚያ ይሰጥ ነበር፤ ይኼ ግን በንግግርና በልምምድ የሚሠራ፣ ጊዜ የሚወስድ ነው አለች። ያለ ማዘዣ የሚሸኝ ሐኪም ዕድሜ ልኬን አይቼ አላውቅም። ወይ በሽታ የለብኝም፣ ወይ የምትደብቀኝ ነገር አለ።

የቤት ሥራም ሰጠችኝ። ልክ እንደ ቤዛ። የጠረጠርሁትን ነገር በሦስት መሥመር ልጽፍ፦ ያየሁት፣ የጨመርሁበት፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። እሺ ደብተሬ፣ እንሞክረው።

ያየሁት፦ አብራኝ የምትሠራው ሰናይት ስገባ ሳቋን አቋረጠች።

የጨመርሁበት፦ በእኔ እየሳቀች ነበር።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፦ በእኔ እየሳቀች ሊሆን ይችላል።

ምን አተረፍን?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ሚካኤል

ጽዋው የአያ ታከለ ተራ ነበር። ብቀር ተደበቀ ይላሉ ብዬ ሄድሁ። ሚስቱ የት አለች የሚል ዓይን ከዳር እስከ ዳር። ጥግ ይዤ፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ተቀመጥሁ።

ጠላ የምትቀዳው ምራታቸው ናት። ጆጉን በሞላች ቁጥር በመዳፏ ቀምሳ ነው የምትሰጠው፣ ደንቡ ነው። እኔ ጋ ስትደርስ ጆጉ አለቀ። ሞልታ መጣች። ሳትቀምስ ቀዳችልኝ።

ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ። ረስታ ይሆናል። ግን የረሳችው እኔ ጋ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ቀምሳላቸዋለች። ሌላው እየጠጣ እኔ አረፋ አረፋውን አያለሁ። ወሬው ቀስ እያለ በረደ፤ ሰው ሁሉ ብርጭቆዬን ያያል። ልጅቱ ነገሩ ገባትና ፊቷ ልውጥ አለ።

አያ ታከለ ተነሡ። በዚያ ጉልበታቸው፣ ምርኩዛቸውን ሳይዙ። ከብርጭቆዬ በመዳፋቸው አንቆርቁረው ጠጡ።

«ይኸው ቀመስሁልህ» አሉኝ። «እንዲህ ሁነህ እስከ መቼ ትኖራለህ፣ የኔ ልጅ?»

ጠጣሁ። ሸጋ ጠላ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ግን ምን እንዳሰብሁ ታውቂያለሽ? ቶሎ የማይሠራ መርዝም አለ ብዬ አሰብሁ። እሳቸውም ጠጥተዋል እኮ። ራሴን ታዘብሁት። ሳቄም መጣ፣ አፈርሁም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ያዝኋት ብዬ ነበር።

አራዳ ላይ፣ ከቀትር በኋላ። መድኃኒት ቤቱን ለሰናይት ትቼ ምሳ ልበላ ስወጣ ዶ/ር ሰብለን አየኋት። አጠገቧ ረጅም ሰው፣ ጃኬት የደረበ። ከኋላ አካሄዱ ቁርጥ ደሴን። የየሺ ወንድም! አላውቃቸውም ያለችኝ ሴትዮ!

ተከተልኋቸው። በጨርቅ ሱቆቹ በኩል አልፈው ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሙ። እኔ ከቆመ ባጃጅ ኋላ ገባሁ። ጎንበስ ብዬ እያየሁ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኛል። ትክክል ነበርሁ ማለት ነው። የሺም፣ አማቼም፣ ሐኪሟም አንድ ላይ። ይህን ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት እቀርባለሁ እያልሁ ነው።

ባጃጁ ተነሥቶ ሄደ።

እንደጎነበስሁ መንገድ መኻል ቀረሁ። ሁለቱም ዞሩ። ሰውዬው ደሴ አይደለም። መነጽር ያለው፣ ጢማም፣ ፈጽሞ የማላውቀው ሰው ነው። ዶ/ር ሰብለ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ባለቤቴ ነው አለች። ጫማዬን የማስር መሰልሁ። ያደረግሁት ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው።

ምሳም ሳልበላ ተመለስሁ። ሰናይት ምን ሆንህ አለችኝ። ለምን እንደጠየቀችኝ አላሰብሁበትም። ድካም ይሆን?

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ሰውን መከታተል ሕግም ይከለክላል። ገና ሳልቀመጥ ራሴ ነገርኋት፣ እሷ ከማንሣቷ በፊት ልቅደም ብዬ። ደሴ መስሎኝ ነው አልሁ። አልተቆጣችም። ባለቤቴ ማን ነው ብሎኝ ነበር፣ የማውቀው ሰው ከማለት በቀር አልነገርሁትም አለች። ይህን አላመንሁም። ወይም ግማሹን አመንሁ።

ምን አዩ፣ ምን ጨመሩበት አለች። ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። የቀረው ሁሉ የእኔ ነው። የሦስት ሰው ሴራ ሠርቼበታለሁ፣ በአንድ ጀርባ።

ከዚያ መሐላ የት ተማሩ ብላ ጠየቀችኝ። መሐላ ይማራል እንዴ?

የአባቴን ነገር ያወጣሁት እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሳንጃ ቆላ የሰሊጥ መሬት ነበረው። ከአንድ ወዳጁ ጋር እኩል ያርሱ ነበር። ተካሰሱ፤ ወዳጁ ወንጌል ይዞ መሬቱ የእኔ ብቻ ነው ብሎ ማለ። አባቴ ተረታ። ጎንደር ገብተን በሰው ቤት ኖርን። ከዚያ ወዲያ አባቴ ቤት ውስጥ ስኳር ቢጎድል ሁላችንን አሰልፎ ያስምለናል። ማነው የነካ፣ ማል። ማነው በሩን ያልዘጋ፣ ማል።

«ሲምሉለት ያምንዎት ነበር?» አለችኝ።

አንድም ቀን።

በአባቴ ላይ ተናድጄ ወጣሁ፣ በእሷም ላይ። እሱ ተበድሏል። ያልተበደለ ሰው ስለ ጥርጣሬ ማውራት ይቀለዋል። ደግሞስ በዚህ ጊዜ የማይጠረጥር ማን አለ? መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ሰው ስልኩን አውርቶ ሳይጨርስ ያጠፋል። ይህን ብላት ኖሮ። እነግራታለሁ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ኮሶዬ። ከአያ ታከለ ጋር ሄድን። መንገዱ ክፍት ነው ተባለ። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ሦስቴ አሳለ። ያየሁት፦ ሳል። የጨመርሁበት፦ ምልክት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፦ ጉንፋን። ኮሶዬ ወርደን ብርዱ ሲቀበለኝ ጉንፋን መሆኑን አመንሁ።

ቄስ ሞገስ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። መስቀል አሳለሙኝ። ቤዛ ከእናቷ ኋላ ቆማ አየችኝ፤ ሳምኋት፣ ፀጉሯ ጭስ ጭስ ይላል። ጾም ነውና በሽሮ ተስተናገድን። ማን ቀመሰ ማን አልቀመሰ ሳላይ በላሁ ብልሽ እዋሻለሁ። አይቻለሁ። ግን በላሁ።

ሽምግልናው ረጅም ነበር፤ አያ ታከለ ሐኪም ዘንድ እየተመላለስሁ መሆኔን መሰከሩ። ቄስ ሞገስ ለምን ጠበል እንዳላሉኝ ጠየቅኋቸው። አላስቻለኝም፣ አፌ ላይ ነበር። ጠበሉንም እፈልግልህ ነበር አሉ፤ ግን እኔ ብልህ ከልጄ ጋር መክሬ የላክሁህ ይመስልሃል፤ የማላውቃት ሐኪም ትሻላለች ብዬ ነው። ሰውዬው ያውቁኛል። ይህ ማጽናኛ ይሁን ስድብ ገና አልለየሁም።

በመጨረሻ የሺ ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«የቄስ ልጅ ነኝ፤ በአባቴ ቤት ስም ጠርቼ ምዬ አላውቅም ነበር። አንተ ቤት ገብቼ ስንት ታቦት እንደጠራሁ እሱ ያውቃል። ከእንግዲህ አልምልልህም። ስትጠይቀኝ አንድ ጊዜ እውነቱን እነግርሃለሁ። ካመንኸኝ አብረን እንኖራለን። እንደገና ማይ ካልኸኝ ግን ቤዛን ይዤ እወጣለሁ፣ ያኔ ሽማግሌም አትላክ።»

ሁሉም እኔን አዩ። እሺ አልሁ። አያ ታከለ ማልና አረጋግጥ ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከዚያ የሳቁት ቄስ ሞገስ ብቻ ናቸው።

ዓርብ ይመለሳሉ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ስልኩ ላይ ስለነበረችው ጓደኛ ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ከእንግዲህ መቼም አይታወቅም ማለት ነው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ለዶ/ር ሰብለ ይህንኑ አልኋት። ሳላውቅ እንዴት ነው የምኖረው? ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚኖረው አለች። የትዳር ጓደኛውን ልብ ከፍቶ ያየ የለም። ልዩነቱ፣ ሌላው ሰው ይህን አለማወቅ ተሸክሞ ምሳውን ይበላል፤ እርስዎ ግን ማዕዱን ያነሡታል። የምንለማመደው አለማወቁን መሸከም ነው አለች።

ጥርጣሬው ይጠፋል ወይ አልሁ። ምናልባት ፈጽሞ አይጠፋ ይሆናል፤ ሲመጣ ግን የሚያደርጉትን መምረጥ ይችላሉ አለች። ቢያንስ አልዋሸችኝም። ወይም እንዳልዋሸች ቆጠርሁት።

ኅዳር 27፣ ዓርብ። ከሰዓት

መጡ። ቤቱ ድምፅ አገኘ። የሺ መጀመሪያ ያደረገችው መስኮቶቹን መክፈት ነው። እኔ ዘግቼ ነው የከረምሁት።

አሥር ሰዓት አካባቢ ስልኳ ጮኸ። አየችው። አየችኝ። ይዛው ወደ ማድ ቤቱ ኋላ ሄደች።

ያየሁት፦ ስልክ ይዛ ወጣች።

የጨመርሁበት፦ ወንድ። ደሴ አገናኝ ነው። ኮሶዬ የከረመችውም ለዚሁ ነው። አያ ታከለ ያውቃሉ።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፦ ጓደኛዋ። ችግር የገጠማት፣ ችግሯን ሰው እንዳይሰማባት የምትፈልግ ሴት።

ሦስተኛው መሥመር ላይ የሆነ ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። አላመንሁበትም። ጻፍሁት ብቻ። እጄን ከጉልበቴ በታች አድርጌ ተቀመጥሁ፣ እንዳልነሣ። ተመልሳ ስትገባ «ጓደኛዬ ናት» አለች ሳልጠይቃት። እሺ አልሁ። ምላሴ ሥር ማርያምን በይ የሚለው ቃል ቆሞ ነበር። ዋጥሁት። ሲወርድ ያማል።

የሺ ጥቂት አየችኝና እራት ልትሠራ ገባች። ደስ ብሏት ይሁን ታዝባኝ አላወቅሁም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ። 12፡30

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ፣ ሳልረሳው። የምረሳው አይደለም እንጂ።

ከሥራ ገባሁ። የሺ ውጭ ልብስ ታወርዳለች። ለቤዛ ብርቱካን ገዝቼላት ነበር፤ ከረጢቱን ይዤ ከበሩ ሆኜ ጠራኋት። ቤዛ! አልሁ፣ ሌላ ምንም አላልሁ።

ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ቀጥ ብላ ፊቴ ቆመች። እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ፣ ባዶ መሆናቸውን።

«እኔ ልሙት አባባ፣ እኔ አይደለሁም።»

ምኑ አልኋት።

«እንጃ» አለች። «ግን እኔ አይደለሁም።»

ከረጢቱን አስቀመጥሁ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ፣ እዚያው በሩ ላይ። ማንም ምንም አላጎደለም። ማንም ምንም አልጠየቃት። ልጄ ስሟ ሲጠራ በገዛ ሞቷ እየማለች ትመጣለች። ዛሬ የጀመረችው አይመስለኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው? እኔ ሰናይትን ሳይ፣ ባጃጅ ኋላ ስደበቅ፣ የሰው ሳል ስቆጥር፣ ይህን አላየሁም። ሁሉን አያለሁ እያልሁ።

ብርቱካን ገዝቼልሽ ነው አልኋት። ሳትምይም አምንሻለሁ፣ ከእንግዲህ እንዳትምይ አልኋት። ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። የእኔ ነው። ከእኔ በፊት የአባቴ ነበር።

«ማል» አለችኝ።

ደብተሬ፣ አፌ ከፈት ብሎ ነበር። ማርያምን ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ተውሁት። ብምልላት እንደማታምነኝ አውቃለሁ፤ እኔም አባቴን አላመንሁትም፣ እሱም እኔን። አልምልም፣ ግን ነገም እንዲሁ እልሻለሁ፣ ከነገ ወዲያም አልኋት። ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፤ ብርቱካኗን አንሥታ ሄደች። አላመነችኝም። ለምን ታምነኛለች?

አለቀስሁ። የሺ ልብሱን ታቅፋ ስትገባ በሩ ላይ አገኘችኝ። ምን ሆንህ አላለችም። አልፋኝ ገባች፤ ተመልሳ መጥታ ትከሻዬ ላይ ነጠላ ጣል አደረገችልኝ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል ብላ።

ማክሰኞን አልጠብቅም። ያን እሑድ የሺን በልጇ ሞት እንድትምል የጠየቅኋት በማዕድ ላይ፣ ቤዛ እየሰማች ነው። ይቅርታውንም ቤዛ እየሰማች፣ በማዕድ ላይ እጠይቃታለሁ። ዛሬ። ሽማግሌ ሳይኖር። ምን እንደምትመልስልኝ አላውቅም።

አሁን ሁለቱም ማድ ቤት ናቸው። በዝግታ ያወራሉ፤ ቤዛ አንድ ነገር ትናገራለች፣ የሺ እህ ትላለች። ስለ ምን እንደሆነ አይሰማኝም።

እራቱ ቀርቧል ብለው ጠሩኝ። እየሄድሁ ነው።